ዟሪው ፈረስ አጠገብ መቆም፦ በግሌን ኤኮ ፓርክ በጎ ፈቃደኛ ለመሆን

ሴት ልጄ ዘጠነኛ ክፍል የገባች ዓመት ከትምህርት ቤት ያመጣችው ወረቀት ላይ 75 የሚል ቁጥር በቀይ ተከቦ ነበር። ሜሪላንድ ልጅ ያሳደገ ሰው ቁጥሩን ያውቀዋል። እዚህ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ለመመረቅ 75 ሰዓት በነጻ ማገልገል አለበት። የማውቃቸው እናቶች ልጆቻቸውን ቤተ መጻሕፍት ወይም ምግብ የሚታደልበት ቦታ ያስመዘግቡ ነበር። የኔዋ ግን «ካሩሰሉ ጋ» አለችኝ፤ ልጆች የእንጨት እንስሳት ላይ ተቀምጠው የሚዞሩበት፣ ግሌን ኤኮ ፓርክ ያለው መጫወቻ ነው። አምስት ዓመቷ ሆና ሰጎኑ ላይ የተቀመጠችበትን ቀን አልረሳችውም። መንጃ ፈቃድ ስላልነበራት እኔ ወሰድኳት። ሁለት ቅዳሜ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲለኝ ወርጄ አጥሩ ጋ ቆምኩ። እሷ ሰዓቷን ጨርሳ፣ ተመርቃ፣ ኮሌጅ ገብታለች። እኔ እስካሁን እዚያው ነኝ፤ ዘንድሮ ሰባተኛ ዓመቴ ነው።

ብዙ ሰው «እንዴት ገባሽ? እኛስ መግባት እንችላለን?» እያለ ስለሚጠይቀኝ የማውቀውን እዚህ ልጻፍ። ስለ ራሴ ትንሽ ብናገር ነገሩ ይገባችኋል። የእንጅባራ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ኮርቻ ሠሪ ነበር። ቤታችን ቆዳ ቆዳ ይሸት ነበር። ስለዚህ የእንጨት ፈረሶቹን መጀመሪያ በቅርብ ሳያቸው ዓይኔ የሄደው ፊታቸው ላይ አይደለም፤ ኮርቻቸው ላይ ነው። ከእንጨት ተጠርቦ የወጣ ልጓም፣ የደረት ጠፍር፣ ከኮርቻው ሥር የተነጠፈው ጨርቅ ሳይቀር እጥፋቱ ይታያል። የጠረበው ሰው ፈረስ ያውቃል። አባቴ ቢያየው ጎንበስ ብሎ የጠፍሩን መያዣ ይመረምረው ነበር።

በመጀመሪያ የምታገለግሉት ነገር ምን እንደሆነ እወቁ። ግሌን ኤኮ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ፣ ፖቶማክ ወንዝ አጠገብ ያለ ቦታ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1891 የትምህርትና የኪነ ጥበብ መሰብሰቢያ ሆኖ ተጀመረ፤ ቆይቶ የመዝናኛ ፓርክ ሆነ። ካሩሰሉ የገባው በ1921 ነው። የሠራው የፊላዴልፊያው የዴንዝል ፋብሪካ ሲሆን፣ ጉስታቭ ዴንዝል በ1867 የመሠረተውን ሥራ ያኔ ይመራ የነበረው ልጁ ዊልያም ነበር። 52 እንስሳት አሉበት፦ 40 ፈረስ፣ 4 ጥንቸል፣ 4 ሰጎን፣ አንድ አንበሳ፣ አንድ ነብር፣ አንድ ቀጭኔ፣ አንድ አጋዘን። ለመቀመጥ ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ ሁለት ሠረገላ አለ። ይህን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት። በቀን ሃያ ጊዜ ትጠየቃላችሁ፤ የሚጠይቁት ልጆች ደግሞ ራሳቸው ቆጥረው ስለሚመጡ ከተሳሳታችሁ ያርሟችኋል።

መዝናኛ ፓርኩ በ1968 ተዘጋ። በ1970 ካሩሰሉ ተሸጦ ሊሄድ ሲል የመንደሩ ምክር ቤት አባል የነበረችው ናንሲ ሎንግ ሰው አስተባብራ የተጠየቀው 80,000 ዶላር ተዋጣና እዚያው ቀረ። አንድ ነገር ብቻ ከታሪኩ ይዛችሁ መሄድ ካለባችሁ ይህን ያዙ፤ ይህ ካሩሰል ዛሬ የሚዞረው ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ ነው። እኛ እድርና እቁብ የምናውቅ ሰዎች ይህን ስንሰማ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ወደ መግቢያው ልምጣ። ግሌን ኤኮ ላይ ሁለት በር አለ፤ ሰው የሚምታታበትም እዚህ ነው። መሬቱና ሕንፃዎቹ የፌዴራል መንግሥት ናቸው፤ የሚጠብቃቸው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው፤ ባርኔጣ የሚያደርጉት ሬንጀሮች የእሱ ሠራተኞች ናቸው። የዕለት ተዕለት ዝግጅቱን፣ ትምህርቱን፣ በዓላቱን የሚያካሂደው ደግሞ ከካውንቲው ጋር የሚሠራ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ታሪክ መንገር፣ ጎብኚ ማስጎብኘት የምትወዱ ከሆነ ወደ ሬንጀሮቹ ሂዱ። ማመልከቻው «ቮለንቲር ዶት ጎቭ» በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ነው። ሥራው የበዓል ቀን እገዛ፣ ድንኳን መትከል፣ ልጆችን ቀለም ማስያዝ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ለድርጅቱ ጻፉ። እኔ በሁለቱም ሠርቻለሁ። ልባችሁ ወዴት እንደሚያደላ ካላወቃችሁ ግን ከበዓል ቀን ጀምሩ፤ በአንድ ቀን ቦታውንም ሰዎቹንም ታውቁታላችሁ።

በፓርኮች አገልግሎት በኩል ከገባችሁ የስምምነት ወረቀት ትፈርማላችሁ። ወረቀቱን ሳታነቡ እንዳትፈርሙ። ምን እንደምትሠሩና ተጠሪያችሁ ማን እንደሆነ ይጻፍበታል። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አብሮ መፈረም አለበት። ሰዓታችሁ ይመዘገባል፤ 250 ሰዓት ሲሞላ በመላ አሜሪካ ያሉ ብሔራዊ ፓርኮችን ለአንድ ዓመት ያለ መግቢያ ክፍያ የሚያሳይ ካርድ ይሰጣችኋል። እኔ የመጀመሪያውን ካርዴን ይዤ ከልጄ ጋር ሸናንዶዋ የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ሄጃለሁ። ለተማሪ 75 ሰዓት ብላችሁ የምትሄዱ ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ፤ ልጃችሁ አንድ ሰዓት ከመሥራቱ በፊት ድርጅቱና ሥራው በካውንቲው የጸደቁ መሆናቸውን ከትምህርት ቤቱ አስተባባሪ ጋር አረጋግጡ። ልጁ ለፍቶ ሰዓቱ ሳይቆጠርለት ሲቀር ማየት ያማል።

የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ የሚያሳስባችሁም አላችሁ። ዜግነት የግድ አይደለም፤ ግን በየትኛው ቪዛ ማን ማገልገል እንደሚችል ይለያያል። ስለዚህ ስትጽፉ ያላችሁን ወረቀት ገልጻችሁ ጠይቁ። በመጠየቃችሁ የሚቀርባችሁ ነገር የለም።

ኢሜይላችሁ አጭር ይሁን። ማን እንደሆናችሁ፣ በሳምንት የትኛው ቀን ስንት ሰዓት እንደምትችሉ፣ የምትናገሩትን ቋንቋ ጻፉ። አማርኛን እንዳትዘሉት። እኔ መጀመሪያ ስጽፍ እንግሊዝኛዬን እንዳላጋልጥ ብዬ ቋንቋ የሚለውን ዘልዬው ነበር። ኋላ ግን ከሁሉ በላይ የጠቀምኩት በአማርኛዬ ሆነ። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ከሁሉም አቅጣጫ የእኛ ሰው በልጆች ልደት ሰሞን ይመጣል፤ ካገር ቤት ለጥየቃ የመጡ አያቶችም አብረው አሉ።

ስለ መንካትና ስለ ማጽዳት አሁን ልንገራችሁ፤ ይህን የተማርኩት በጥፋት ነው። ግሌን ኤኮ ከመምጣቴ በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ ትንሽ ሙዚየም ለአጭር ጊዜ አገልግዬ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ባልዲና ጨርቅ ሰጡኝ፤ ሌላ ነገር ያለኝ ሰው አልነበረም። አንድ አሮጌ የእንጨት ምልክት ቤት እንደማጸዳው በሳሙና ውኃ ወለወልኩት። ጨርቁን ስገልጠው ወርቃማ ሆኖ ወጣ። ቦታው ያሠራው ሰው ከመቶ ዓመት በፊት የለበጠውን ወርቅ ነበር የላጥኩት። ያን ቀን አለቀስኩ። ሙዚየሙ ማሠልጠን ነበረበት፤ እኔም ሳልጠይቅ መንካት አልነበረብኝም። ስለዚህ ገና ስትገቡ «ምን መንካት እችላለሁ? በምን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ።

የካሩሰል ቀለም ለምን እንዲህ እንደሚያስፈራ ልንገራችሁ። መዝናኛ ፓርክ በነበረበት ዘመን እንስሳቱ በየጊዜው ላያቸው ላይ እየተቀቡ የመጀመሪያው ቀለም በብዙ ድርብ ሥር ተቀብሮ ነበር። ያን ድርብ ጥቂት በጥቂት እየላጡ፣ ዴንዝል ቤት የተቀባውን ቀለም እያገኙ፣ ያንኑ መልሶ የመሳል ሥራ ከ1983 እስከ 2003 ድረስ 20 ዓመት ፈጀ። ሃያ ዓመት! አንድ ፈረስ አንገት ላይ ያለችውን የጋማ ቀለም ስታዩ የአንድ ሰው የስንት ቀን ዓይን እንደሆነች አስቡ። ስለዚህ ቀለበታችሁን፣ የእጅ አምባራችሁን አውልቁ፤ ቁልፍ ወገባችሁ ላይ አታንጠልጥሉ። እጃችሁን ቅባት ተቀብታችሁ አትምጡ። አቧራ ማራገፍ ከተፈቀደላችሁ በለስላሳ ብሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሳትጫኑ ነው። የሚያብረቀርቀው ዘንግ ግን ሌላ ነው፤ እሱ የሰው እጅ የለመደ ነው።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው የሠለጠነ ሠራተኛ ነው፤ እኔ በሰባት ዓመት ማንሻውን ነክቼ አላውቅም፣ እናንተም ለዚያ ብላችሁ አትግቡ። የኛ ቦታ አጥሩ ጋ፣ ከተሰለፈው ሰው ጋር ነው። እዚያ ቆማችሁ ልታሳዩዋቸው የምትችሏቸው ነገሮች አሉ። የአሜሪካ ካሩሰል ከላይ ሲታይ በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ይዞራል። ስለዚህ ተመልካቹ የሚያየው የፈረሱን ቀኝ ጎን ነው፤ ጠራቢዎቹም ጌጡን ሁሉ ያፈሰሱት በቀኙ ነው። አበባው፣ ጥብጣቡ፣ የጋማው ጥቅል በቀኝ ነው፤ ግራው ቀለል ይላል። ይህን ለአንድ ልጅ ስታሳዩት ወዲያው ዞሮ ግራውን ለማየት ይሮጣል። ደግሞ በውጭ በኩል ያሉት እንስሳት ባሉበት ይቆማሉ፤ ከፍ ዝቅ የሚሉት በውስጥ ያሉት ናቸው። ይህን አስቀድማችሁ ንገሩ። ከፍ ዝቅ የሚል ፈረስ ፈልጎ ውጭ ላይ ተቀምጦ የሚያለቅስ ልጅ ብዙ አይቻለሁ።

ጥያቄ ሁሉ የሚበዛው ግን ካሩሰሉ ሲዞር ዜማ በሚያሰማው ኦርጋን ላይ ነው። ኦርጋኑን የሠራው የኒው ዮርኩ የኖርዝ ቶናዋንዳ ዉርሊትዘር ፋብሪካ ነው፤ ሞዴሉ 165 ይባላል፤ እዚህ የገባው በ1926 ነው። «ማን ነው የሚጫወተው?» ይላሉ። ማንም አይጫወተውም። የተበሳ የወረቀት ጥቅል ይሽከረከራል፤ ቀዳዳው በሚያልፍበት ሰዓት አየር ይገባና የእንጨት ቧንቧውን ያስጮኸዋል፣ ከበሮውን ያስመታዋል። እኔ ለእኛ ሰዎች እንዲህ እላለሁ፦ ቀዳዳው ምልክት ነው፣ ዜማ በፊደል አናት ላይ ምልክት እንደሚደረግለት ሁሉ ይህም ዜማው በቀዳዳ ተጽፎ ነው። አንድ ቀን አንድ የደብር መሪጌታ ይህን ሰምተው ጥቅሉ እስኪያልቅ ድረስ ከኦርጋኑ ፊት አልተነሡም። ድምፁ ትልቅ ነውና ሙሉ ቀን የምትቆሙ ከሆነ የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ጫማችሁ ጠፍጣፋ ይሁን፤ ውኃ አትርሱ፤ በጁላይ ጥላው ስንት ሰዓት ላይ ወዴት እንደሚዞር በሳምንት ውስጥ ታውቁታላችሁ።

አሁን ዋናው። ይህ ፓርክ እስከ 1960 ድረስ ለነጮች ብቻ ነበር። በጎ ፈቃደኛ ሆናችሁ ይህን ሳትናገሩ መቆም አይቻልም፤ ካሩሰሉ ራሱ የክሱ መነሻ ነው ማለት ይቻላል። ጁን 30 ቀን 1960 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ጥቁር ተማሪዎች ከነጭ ጓደኞቻቸው ጋር ወደ ፓርኩ ገቡ። ትኬቱን ጓደኞቻቸው ገዝተውላቸው ነበር። በር ላይ የነበረው ዘበኛ አንዱን ተማሪ ዘሩን ሲጠይቀው ተማሪው የሰው ዘር ነኝ አለው። በአማርኛ ስናገረው ሌላ ቃል መፈለግ የለብኝም፤ ዘር ብሎ ጠየቀው፣ የሰው ዘር ብሎ መለሰለት። ከዚያ አምስቱ ካሩሰሉ ላይ ወጥተው ተቀመጡ፦ ዊልያም ግሪፊን፣ ማይክል ፕሮክተር፣ ማርቨስ ሳውንደርስ፣ ሲሲል ዋሽንግተንና ግዌንዶሊን ግሪን። ካሩሰሉ አልተነሣላቸውም። ከተቀመጡበት ተያዙ።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ስቆጥረው ሰኔ 23 ቀን 1952 ይውላል። የጊዮርጊስ ዕለት ነው። እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ፈረሳቸውን ሸልመው የሚወጡት ጥር 23፣ በዚያው በፈረሰኛው ሰማዕት ቀን ነው። የነዚያ ልጆች ፈረስ እንጨት ነበር፣ ቆሞም ነበር፤ ለኔ ግን ጊዮርጊስ በደረሰ ቁጥር ይታወሱኛል።

ክረምቱን ሙሉ የሰልፉ ሰው አልጠፋም። ባኖክበርን ከሚባለው ጎረቤት ሰፈር የመጡ ነጭ ቤተሰቦች ከተማሪዎቹ ጋር በሩ ላይ ተሰልፈዋል። ፓርኩ በ1961 ለሁሉም ተከፈተ። የአምስቱ ክስ ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1964 ግሪፊን በሜሪላንድ ላይ በሚል መዝገብ የተፈረደባቸው ፍርድ ተሻረ። ምክንያቱን ለጠየቃችሁ በቀላሉ ንገሩት፤ ያሰራቸው ዘበኛ የፓርኩ ቅጥረኛ ቢሆንም የካውንቲው የምክትል ሸሪፍ፣ ማለትም የፖሊስ፣ ሥልጣን ተሰጥቶት ነበርና፣ ያደረገው የግል ባለቤት ፈቃድ ሳይሆን የመንግሥት ሥራ ሆነ፤ መንግሥት ደግሞ ሰውን በዘር መለየት አይፈቀድለትም። ግዌንዶሊን ግሪን ኋላ ግዌንዶሊን ብሪት ተብላ የሜሪላንድ ሴናተር ሆናለች።

ይህን ለትንሽ ልጅ እንዴት ይነገራል? እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ልጁ ካሩሰሉ ላይ ከመውጣቱ በፊት አልነግረውም፤ ደስታውን አልወስድበትም። ሲወርድ፣ እግሩ ገና ሲንገዳገድ፣ እጎነበስና «ትኬት ይዘህ ወጥተህ ተቀምጠህ፣ አንተ ስላለህ ብቻ አልዞርም ቢልህ ምን ታደርጋለህ?» እለዋለሁ። አብዛኛው ልጅ «አልወርድም» ይላል። ያኔ አምስቱን እነግረዋለሁ። ወላጆቹ ከኋላ ሆነው ይሰማሉ። ስሞቹን ዘለግ አድርጋችሁ፣ ሁሉንም ጥሩ፤ አምስቱንም በቃላችሁ ሳትይዙ አስጎብኚ አትሁኑ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ አንዲት እናት ካገር ቤት መጥተው ነበር፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሦስት የልጅ ልጆች ይዘው። በአማርኛ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ያኔ እኛ ብንመጣስ ያስገቡን ነበር?» አሉኝ።

«አያስገቡንም ነበር፣ እማማ።»

«ከሩቅ አገር የመጣን እንግዶች ነን ብንላቸውስ?»

ይህን ጥያቄ ትጠየቃላችሁና መልሱን ይዛችሁ ጠብቁ። በ1961 በዚሁ በሜሪላንድ፣ 40ኛ በሚባለው መንገድ ላይ ያሉ ምግብ ቤቶች ከኒው ዮርክ ወደ ዋሽንግተን የሚያልፉ የአፍሪካ ዲፕሎማቶችን አናስተናግድም ብለው መልሰዋል፤ ነገሩ ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ መንግሥት ራስ ምታት ሆኖ ነበር። እንግዳ መሆን አላዳነም። ይህን ስነግራቸው እማማ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ወረፋው ሄዱ። «ይሄማ የልጅ ነው» ሲሉ የነበሩት ሴትዮ ትኬት አስቆርጠው ወጡ። ሠረገላው ላይ እንዲቀመጡ ስጠቁማቸው እምቢ አሉ፤ በውጭ በኩል ያለውን ዳማ ፈረስ መረጡ። አባቴ እንዳስተማረኝ ከግራ በኩል፣ እግራቸውን እርካቡ ላይ አሳርፌ ደገፍኳቸው። ነጠላቸውን ዘንጉ እንዳይዘው አስገቡት፤ ይህንም ልብ በሉ፣ ነጠላና ረጅም ሻርፕ ሁልጊዜ ከመነሣቱ በፊት ይታሰር።

ዋሽንግተን አካባቢ ለማትኖሩ፣ ተመሳሳይ ሥራ ሌላም ቦታ አለ። በኖርዝ ቶናዋንዳ የአለን ሄርሼል የካሩሰል ፋብሪካ ሕንፃ ራሱ ሙዚየም ሆኗል፤ በኮነቲከት ብሪስቶል ከተማም የካሩሰል ሙዚየም አለ። ኦሪገን ውስጥ አልባኒ ከተማ ያለው ደግሞ ለየት ይላል፤ እንስሳቱን የጠረቡትና የቀቡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እንጨት መጥረብ የምትወዱ ሰዎች፣ እኔ አጠገባችሁ ብሆን እዚያ ነበር የምሄደው። ሄርሼል የሚለውን ስም ከሰማችሁ ደግሞ ዋሽንግተን መሐል በሚገኘው ሰፊ ሜዳ ላይ ያለው ካሩሰል በ1947 ከዚያ ድርጅት የወጣ ነው። መጀመሪያ የቆመው ባልቲሞር አጠገብ በነበረው ግዊን ኦክ የመዝናኛ ፓርክ ነበር። ያ ፓርክ ለሁሉም የተከፈተው ኦገስት 28 ቀን 1963 ነው፤ የጥቁሮችን መብት የጠየቁ ሰልፈኞች ዋሽንግተንን በሞሉበት በዚያው ዕለት ሻሮን ላንግሊ የምትባል ገና ዓመት ያልሞላት ጥቁር ሕፃን አባቷ ደግፏት ተቀመጠችበት። ግሌን ኤኮ የሚመጣ ጎብኚ ስለዚህኛው ከጠየቃችሁ ሁለቱን አታምታቱ።

ማመልከቻውን በብርዱ ወራት፣ ካሩሰሉ ተዘግቶ ሳለ ላኩ። ፀደይ ላይ ሲከፈት ሁሉም ይሯሯጣል፤ ኢሜይላችሁ ሥር ይቀራል። በጃንዋሪ የጻፈ ሰው ግን ሬንጀሩ ቁጭ ብሎ ያነጋግረዋል፤ ስሞቹን የሚያጠናበት ጊዜም ይተርፈዋል። መኪና የሌላችሁ ከቤተስዳ ባቡር ጣቢያ በካውንቲው አውቶቡስ መምጣት ትችላላችሁ፤ የእሑዱን ሰዓት ግን ከቤት ሳትወጡ እዩት። ቅዳሜ ከሰዓት ከመጣችሁ እኔ አጥሩ ጋ፣ ሰጎኑ በሚያልፍበት በኩል ነኝ።